አዲሱ ራም እምቢ ሲለኝ

ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ገበያ 8 ጊጋ ዲዲአር4 (የራም ዓይነት ነው) ራም፣ ማለትም የኮምፒውተር ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ገዝቼ ካሮጌው 4 ጊጋ ጎን ሰካሁት። ኮምፒውተሩ ቢፕ ቢፕ ይላል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ። አዲሱን ሳወጣው ይነሳል። ልመልሰው አሰብኩ፣ ግን በቀትር ድሬ ላይ የትኛው ሱቅ ክፍት ነው? ሙቀቱስ! ስለዚህ ገመዱን ነቅዬ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ትንሽ ተጭኜ ይዤ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጣሁና የራሙን መሰኪያ በባትሪ ብርሃን አየሁት። ያ ክፍት መሰኪያ ለካ ለዓመታት የድሬን አቧራ ሲያጠራቅም ኖሯል። በደረቅ ብሩሽ ጠረግኩት፣ የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በላጲስ ቀስ ብዬ አሸሁ። ከዚያ ሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል ጫን አደረግኩት (መጀመሪያ አንዱ ጫፍ ብቻ ነበር የገባው መሰለኝ)። ተነሳ! 12 ጊጋ። የአዲሱ ፍጥነት 3200 ቢሆንም የሚሠራው በአሮጌው ፍጥነት፣ በ2400 ነው፤ ያ ብልሽት አይደለም።