ፒያኖን በኮምፒውተር ለምትማሩ

በቤታችሁ ፒያኖን በኮምፒውተር የምትማሩ ከሆነ የብሉቱዝ ማዳመጫውን ተዉትና ባለ ገመድ ተጠቀሙ። በብሉቱዝ ድምፁ ቁልፉን ከነካችሁ በኋላ ዘግይቶ ስለሚደርስ ምቱ ይዛባባችኋል፤ ጥፋቱ የጣቶቻችሁ አይደለም! የፒያኖ ኪቦርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር በዩኤስቢ አገናኙ። እንደ ሲንቴዥያ ባለ ፕሮግራም ፍጥነቱን ወደ 50 በመቶ አውርዳችሁ ቀኝ እጅን ለብቻ፣ ግራን ለብቻ አጥኑ። ከላይ የሚወርዱትን ባለ ቀለም ምልክቶች ብቻ መከተል ግን ዓይንን እንጂ ጆሮን አያሠለጥንም፤ ስለዚህ አንድ የዜማ ሐረግ እንደያዛችሁ ስክሪኑን ሳታዩ ደግማችሁ ተጫወቱት። ጆሯችሁን ለማሠልጠን ደግሞ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ሞክሩ። ሦስቱ ተጠጋግተው ከሚገኙበት፣ ከግራኛው ተነሥታችሁ ወደ ቀኝ አምስቱን በተራ ብትነኩ የትዝታ ሜጀር ቅኝትን ታገኛላችሁ።