ከበረራ የተመለሰች የጠፈር መንኮራኩር፦ ምልክቱ እዚህ፣ መነሻው እዚያ

የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩሮች እስከ 2011 ድረስ ካረፉ በኋላ ለቀጣዩ ጉዞ የሚሰናዱት ፍሎሪዳ በሚገኘው የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል፣ በሦስት የጥገና ሃንጋሮች ውስጥ ነበር። ከአንድ መነሳት እስከ ቀጣዩ መነሳት የተመዘገበው አጭሩ ጊዜ 54 ቀን ነው፤ በ1985 አትላንቲስ በተባለችው መንኮራኩር ላይ። መንኮራኩሯ ቻሌንጀር በ1986 ከጠፋችበት አደጋ በኋላ ከ88 ቀን የወረደ የለም። እሱም ቢሆን በ1997 ኮሎምቢያ በፉዌል ሴል (ኤሌክትሪክ አመንጪ መሣሪያ) ብልሽት ጉዞዋን አቋርጣ ስለተመለሰችና ያንኑ ጭነት ይዛ ስለተነሳች የተገኘ ነው።

ቀኑን የሚበላው ፍለጋው ነው። የላላን ነገር ማጥበቅ ቀላል ነው፤ ለምን ላላ የሚለው ሳይታወቅ ከጠበቀ ግን ተመልሶ ይላላል። ከዚህ በታች ያሉት ባለሙያውን ደጋግመው ወደተሳሳተ ቦታ የመሩ ምልክቶች ናቸው። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ አሠራሩም የተገለጸው መንኮራኩሮቹ ይበሩ በነበረበት ጊዜ እንደነበረው ነው።

ምልክት፦ ታይሉ በጣት ሲገፋ ይነቃነቃል

መንኮራኩሯ ስትመለስ ከሚያጋጥማት ሙቀት የሚከላከሉ 24,000 ገደማ የሲሊካ ታይሎች ለብሳ ነበር። የታይሉ 90 በመቶ አየር ነው። ጥቁሩ ታይል እስከ 1,260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል፤ ከሥሩ ያለው የአሉሚኒየም ቆዳ ግን ከ176 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። ታይሉ ብረቱ ላይ በቀጥታ አይለጠፍም፤ ብረቱ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ታይሉ ደግሞ ሳይለጠጥ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በመሃላቸው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የኖሜክስ (ሙቀት የሚቋቋም ጨርቅ) ምንጣፍ ይገባል። ምንጣፉ በሁለቱም ፊቱ በሲሊኮን ማጣበቂያ ይያያዛል፤ ከብረቱ በኩል የሚቀባው 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ስስ ነው።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ የላላው አንድ ታይል ብቻ ነው ወይስ ሰፈሩ በሙሉ?

ሰፈሩ በሙሉ ከላላ ማጣበቂያውን የቀባውን ሰው ትታችሁ የፈሰሰ ነገር ፈልጉ። በመስከረም 1981 ኮሎምቢያ ለሁለተኛ በረራዋ ማስነሻው ላይ ቆማ ሳለ፣ በአፍንጫዋ በኩል ናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ (የትንንሾቹን ሞተሮች ነዳጅ የሚያነድ ፈሳሽ) ሲሞላ ፈሰሰ። ፈሳሹ ታይሎቹን አልነካቸውም ማለት ይቻላል፤ የበላው ከሥር ያለውን ማጣበቂያ ነው። 370 ያህል ታይሎች ተነቅለው፣ ተጸድተው፣ እንደገና መለጠፍ ነበረባቸው። ላይ ላዩን ብቻ ላየ ሰው ታይሉ ደህና ይመስላል፤ ገፋ ሲያደርገው ነው የሚያውቀው።

የላላው አንድ ብቻ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ አለጣጠፉ ይዞራል። የታወቀ አንድ ጥፋት አለ፦ አንዳንድ ሠራተኞች ማጣበቂያው ቶሎ እንዲጠነክርላቸው ምራቅ ያደርጉበት ነበር። እውነትም ይፈጥናል፤ ግን የመያዝ ኃይሉን ያደክመዋል፤ ጉዳቱም የሚታየው በዚያው ቀን አይደለም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ሌላው መነሻ የታይሉ ጀርባ ነው። የምንጣፉ ክሮች ጉልበቱን በነጥብ በነጥብ ስለሚያሳርፉበት፣ ታይሉ ራሱ ከሚችለው በግማሹ ጭነት ከጀርባው ይላቀቃል። ይህ የታወቀው ከመጀመሪያው በረራ በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የታይሉ ጀርባ በሲሊካ ልቁጥ ተቀብቶ ይጠነክራል። ይህ ንብርብር የተላጠበት ታይል ሳይታደስ ተመልሶ መለጠፍ የለበትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ታይሉን ከነምንጣፉ ያንሱ። አሮጌውን ማጣበቂያ እስከ ቀለሙ ድረስ ፍቀው ያጽዱ፤ ብረቱ ላይ ዝገት ካለ መጀመሪያ እሱ ይታከማል። አዲስ ምንጣፍ ከታይሉ ጋር ያጣብቁ፣ ከዚያ ብረቱ ላይ ስስ ማጣበቂያ ቀብተው ያስቀምጡት። አየሩ በሚመጠጥ ከረጢት ሸፍነው፣ ማጣበቂያው በክፍሉ ሙቀት እስኪጠነክር ተጭኖ ይቆይ፤ ማሞቂያም ማፋጠኛም የለም። ሲደርቅ በቫኪዩም የሚይዝ መሣሪያ እየተሳበ በተወሰነ ኃይል ይፈተናል። በመጨረሻ ከጎረቤቶቹ ጋር ያለው ክፍተትና የከፍታ ልዩነት ይለካል። እያንዳንዱ ታይል የራሱ ቅርጽና ቁጥር ስላለው ከሌላ ቦታ የመጣ ምትክ አይሆንም፤ የተሰበረ እንደሆነ ለቦታው ተለክቶ አዲስ ይቆረጣል።

ልኬቱን ማንም አይዝለለው። በ2005 ዲስከቨሪ ምሕዋር ላይ እያለች በታይሎቿ መካከል የገቡ ሁለት የክፍተት መሙያዎች ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ወጥተው ታዩ። ይህን ያህል እንጥልጥል ነገር አየሩን ቀድሞ ያናውጠዋል፤ ከኋላው ያለው ሆድም ከታሰበው በላይ ይሞቃል። ጠፈርተኛው ስቲቭ ሮቢንሰን ወጥቶ በእጁ መዘዛቸው። መነሻው መሙያዎቹ በቂ ማጣበቂያ ስላልነበራቸው ነው። ከዚያ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ መሙያዎች በተሻለ አለጣጠፍ ተተክተው እየተሳቡ ተፈትነዋል።

ምልክት፦ ታይሉ ከባድ ነው፣ ውሃ ይዟል

ሲሊካው እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። ታይሉ አዲስ ሲሆን ውሃ እንዳይጠጣ ታክሞ ይመጣል፤ ነገር ግን ሕክምናው ሙቀቱ 560 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ተቃጥሎ ያልቃል። ማለትም እያንዳንዱ መመለስ ታይሉን ለዝናብ አጋልጦት ይመጣል። ዝናብ አያገኘንም ብሎ ማለፍ ፍሎሪዳ ላይ አይሠራም። በሰኔ 1982 ኮሎምቢያ በምትነሳበት ዋዜማ በረዶና ዶፍ ወርዶባት ውሃውን ይዛ ወጣች፤ ጠፈር ላይ እንዲደርቅ ሆዷን ወደ ፀሐይ ማዞር ግድ ሆነ። በታይሉ ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ይሠራል፣ ሲመለሱ ደግሞ እንፋሎት ይሆናል፤ ሁለቱም ከውስጥ ይሰነጥቁታል።

መፍትሄው ላይ ላዩን መርጨት አይደለም፤ እሱ በመጀመሪያዎቹ በረራዎች ተሞክሮ አልበቃም። ዳይሜቲል ኢቶክሲ ሲላን የሚባለው ፈሳሽ በእያንዳንዱ ታይል ላይ ባለችው ቀጭን ቀዳዳ በመርፌ 2 ሲሲ ያህል ይወጋል። ቁጥሩን በ24,000 ሲያባዙት 48 ሊትር ነው፤ ሥራው ግን ታይል በታይል ነው። ፈሳሹ መርዛማም ተቀጣጣይም ነው፦ የመተንፈሻ ጭምብል ይደረጋል፣ አካባቢው ከሌላ ሠራተኛ ይጸዳል። በተግባር ይህ ማለት በዚያ ሰዓት ሌላው ሥራ ሁሉ ይቆማል ማለት ነው፤ መርሐ ግብር ሲወጣ ይህን ያላሰላ ሰው ቀኑ ይሸሸዋል።

ምልክት፦ የክንፉ ጠርዝ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ

የክንፎቹ የፊት ጠርዝ በእያንዳንዱ ወገን 22 የካርቦን ፓነሎች አሉት። በ1992 ኮሎምቢያ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ታዩ። የጠፈር ብናኝ የመታው ይመስላል፤ ሆኖም መነሻው ምድር ላይ፣ ማስነሻው ማማ ላይ ነው። የማማው ብረት ዚንክ ባለበት ቀለም ተቀብቷል፤ የላይኛው ቀለም ሲላጥ ዝናብ ዚንኩን እያጠበ ክንፉ ላይ ያወርደዋል። መንኮራኩሯ ስትመለስ ዚንኩ በሙቀት ከፓነሉ ሽፋን ጋር ተዋህዶ ይቦረቡረዋል። ስለዚህ ፓነል ከመቀየር በፊት ማማውን ቀለም መቀባት! ኮሎምቢያ በክንፏ ጠርዝ ጉዳት ከጠፋችበት የ2003 አደጋ በኋላ ደግሞ በዓይን ማየት ብቻውን ቀርቶ ፓነሎቹ በሙቀት ምስል እየተነሱ ይመረመሩ ነበር።

ምልክት፦ ሃይድሮጅን ያፈሳል፣ ግን ሲፈተሽ አይገኝም

የዋናዎቹ ሞተሮች ነዳጅ የሆነው ፈሳሽ ሃይድሮጅን ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ነው። በክፍል ሙቀት በሂሊየም ሲፈተሽ የማያፈስ መጋጠሚያ፣ ብርዱ ሲመጣ ብረቱ እኩል ስለማይኮማተር ክፍተት ይከፍታል። ታንኩ ባዶ ሆኖ የሚደረግ ፍተሻ ንጹሕ ቢሆንም አይመኑት፤ እውነተኛው ፈተና ታንኩን ሞልቶ ማየት ነው።

በ2009 የተደጋገመው ማፍሰስ ቦታው በትልቁ የነዳጅ ታንክ ጎን፣ እየተነነ የሚወጣውን ጋዝ ወደ ማቃጠያው የሚወስደው ቱቦ የሚጋጠምበት ሳህን ነበር። በመጋቢት አንድ ጊዜ፣ በሰኔ በአምስት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ መነሳት ተሰረዘ። ማሸጊያው ቢቀየርም ተመልሶ ያው ሆነ፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የማሸጊያው አልነበረም። ሳህኑና የታንኩ አፍ በትክክል አይገጥሙም ነበር፤ ስለዚህ ማሸጊያው በአንድ ጎን ተጨፍልቆ በሌላው ይላላል። ግትሩ ማሸጊያ በሁለት ክፍል በተሠራ ተጣጣፊ ተተካ፣ ግጥሙም ተስተካከለ። ታንኩ ተሞልቶ ሲፈተን አላፈሰሰም፤ ኢንዴቨር ሐምሌ 15 ተነሳች። አንድ ማሸጊያ ሁለት ጊዜ ከተበላሸ ሦስተኛውን ከማዘዝ በፊት ግጥሙን ይለኩ።

ሌላው ወጥመድ ሁለት ቀዳዳ መኖሩ ነው። በ1990 ኮሎምቢያ ላይ 43 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የታንኩና የመንኮራኩሯ መጋጠሚያ አፈሰሰ፤ ተቀየረ። ከዚያ በኋላም በጭራዋ ክፍል ውስጥ ሃይድሮጅን ተገኘ። ጥርጣሬው ወደ ሦስቱ የማዘዋወሪያ ፓምፖች ዞረ፣ እነሱም ተቀየሩ፣ አሁንም አለ። የኋላ ኋላ የአንድ ሞተር ቫልቭ ቴፍሎን ማሸጊያ ተጎድቶ ተገኘ። ከግንቦት የተጀመረው ነገር ኮሎምቢያን እስከ ታኅሣሥ አቆያት። ትልቁ ቀዳዳ ሲያፈስ ትንሹን ይሸፍነዋል፤ የመጀመሪያው ሲዘጋ ፍለጋው ከዜሮ ይጀመር።

ምልክት፦ ታንኩ ባዶ ነው ሲባል ሴንሰሩ "ሙሉ ነው" ይላል

በሃይድሮጅኑ ታንክ ታች አራት ሴንሰሮች አሉ። ነዳጁ ካለቀ ሞተሩ እንዲጠፋ ይናገራሉ። ያለ ነዳጅ የሚሽከረከር ፓምፕ ፍጥነቱ ከልክ አልፎ ይፈነዳል፤ ስለዚህ "ሙሉ ነው" ላይ ተጣብቆ የቀረ ሴንሰር ቀልድ አይደለም።

ይህ ችግር በ2005 ታየ፤ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኑም የመሬት ሽቦውም ተጠረጠረ፣ ከዚያ ጠፋ። ያልተገኘ ብልሽት ሲጠፋ ተፈወሰ ማለት አይደለም። በታኅሣሥ 2007 አትላንቲስ ላይ ተመልሶ መጣ። ያኔ የተደረገው ጥሩ ሥራ ነው፦ ሽቦው ላይ የኤሌክትሪክ ምት ተልኮ ታንኩ በብርድ እየተሞላ ሳለ ምቱ ነጥሮ የሚመለስበት ጊዜ ተለካ። ምቱ የሚነጥርበት ርቀት ሴንሰሩንም ሳጥኑንም ነጻ አወጣ፤ ሽቦው የታንኩን ግድግዳ አልፎ የሚወጣበት ማገናኛ ላይ ጣቱን ቀሰረ። በብርድ ጊዜ ፒኑና ሶኬቱ ግንኙነት ያጡ ነበር። ፒኖቹ ከሶኬቱ ጋር በብየዳ ተያያዙ፤ መንኮራኩሯም በየካቲት 2008 በረረች።

ምልክት፦ በተነሳች በአምስተኛው ሰከንድ ሾርት

በሐምሌ 1999 ኮሎምቢያ ስትነሳ በሁለት ሞተሮች ላይ አንድ አንድ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ጠፋ፤ ተጠባባቂዎቹ ባይኖሩ ኖሮ ሞተር ይጠፋ ነበር። የተገኘው በጭነት ክፍሉ ውስጥ ጭንቅላቱ ሹል ጠርዝ ያወጣ አንድ ቪቴና ሽፋኑን የፋቀው ሽቦ ነው። ሽቦው በጥገና ጊዜ በሚረገጥ ቦታ ያልፋል፤ እየተረገጠ ቪቴው ላይ ይፈተጋል። መልቲሜትር ይህን አይነግርም፤ ሽቦው እስኪነካካ ድረስ ደህና ነው። በሁሉም መንኮራኩሮች ሽቦ ተመረመረ፣ ሹል ጠርዝ ተሞረደ፣ ሰው በሚሠራበት ቦታ ያለው መስመር መከላከያ ተደረገለት። ጣትዎን በቪቴው ጭንቅላት ላይ ያሳልፉ፤ ጓንቱን ከያዘው ሽቦውንም ይይዘዋል።

ምልክት፦ የታንኩ ፎም ላይ ክብ ጉድጓድ

በ1995 ግንደ ቆርቁር ወፎች በዲስከቨሪ ታንክ ፎም (ብርዱን የሚይዘው ሽፋን) ላይ 200 ያህል ጉድጓድ ቆፈሩ። ጉድጓዱ ውስጥ በረዶ ይሠራል፤ በረዶውም ሲነሱ ወድቆ ታይል ይመታል። ከላይ ያሉት ጉድጓዶች ከማስነሻው ማማ ላይ ስለማይደረስባቸው መንኮራኩሯ ወደ መገጣጠሚያው ሕንፃ ተመልሳ ተጠገነች። ለወፎቹ የፕላስቲክ ጉጉትና የአየር ጥሩምባ ተዘጋጀላቸው።