የሙሽራዋ እጅ ካሮት ሲመስልብኝ ያደረግኩት
ህንድ፣ ጃይፑር ከተማ፣ የጓደኛዬ እህት ሰርግ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ የመህንዲውን ምሽት (ሙሽራዋ እጇ ላይ የሂና ጥለት የምትሳልበትን) ፎቶ የማነሳው እኔ ነበርኩ። ድንኳኑ ቢጫ፣ አምፖሉ ቢጫ፣ አበባው ቢጫ። የሙሽራዋ እጅ ፎቶው ላይ ካሮት መሰለ። ፍላሽ ስጨምርማ ባሰበት፤ ያልደረቀው ሂና ዘይት እንደተቀባ አብረቀረቀና ጥለቱ ጠፋ።

ፍላሹን አጠፋሁ። ነጭ ወረቀት እጇ አጠገብ አስይዤ ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ነጭን ነጭ አድርጎ እንዲያሳይ የሚደረገውን የቀለም ማስተካከያ) በሱ ለካሁ፣ ፋይሉን ሮው (ቀለሙን በኋላ ለማስተካከል የሚመች ያልተጨመቀ ጥሬ ፋይል) አደረግኩት፣ ከዚያ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ቀለሙን ከአምፖሎቹ ጋር አመሳስዬ ከጎን ዝቅ አድርጌ አበራሁ። መስመሮቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ጥለቱ መሃል የተደበቀውን የሙሽራውን ስም ሳይቀር አገኘሁት (ሙሽራው ራሱ ገና አላየውም!)።

የደረቀው ሂና ሲረግፍ ቆዳው ላይ የሚቀረው ቀለም መጀመሪያ ብርቱካናማ ነው፤ የሚጠቁረው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ በሰርጉ ዕለት መስኮት ዳር አስቀምጬ እጇን ደግሜ አነሳሁት።