በወሎ የአንድ ተቋም ጥበቃ ዳይሬክተር ሆናችሁ ስትመደቡ ሥራውን እንዴት ትጀምራላችሁ

የጥበቃና ደህንነት ዳይሬክተርነት ደብዳቤ ደረሳችሁ እንበል። ቦታው ደሴ ያለ ሆስፒታል፣ ኮምቦልቻ ያለ ፋብሪካ ወይም ወልድያ ያለ ኮሌጅ ሊሆን ይችላል። በር ላይ የምትቆሙት እናንተ አይደላችሁም። የሚቆመው ሰው ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብቻውን ሲሆን ምን ማድረግ እንዳለበት ቀድሞ እንዲያውቅ የማድረግ ኃላፊነት የእናንተ ነው።

1. ግቢውን በእግር ዙሩ

ፋይሉ ይቆይ። መጀመሪያ በቀን አጥሩን ተከትላችሁ ዙሩ። አጥር ላይ የተደገፈ ዛፍ፣ ሰው የሚያሾልክ የጎርፍ መውረጃ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የማይታወቅ የጀርባ በር ካለ ጻፉ። ደሴ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከታች ሲያዩት የማይዘለል የሚመስል ግንብ በላይኛው በኩል ከጎረቤት ጓሮ ጋር እኩል ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በሌሊት ድገሙት። በክረምት ጉም ሲወርድ ፓውዛው የሚያበራው ጉሙን ነው፤ ካሜራውም ነጭ ነገር ብቻ ያሳያል። ስለዚህ ካሜራ ተገጠመ ተብሎ የማዕዘን ጥበቃ አይቀነስም። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት። ደሴ ካፖርት የሚያስፈልገው ጠባቂ እዚያ ጥላና ውሃ ያስፈልገዋል።

2. የሰው ቁጥሩን አስሉ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። አንድ በር ሌት ተቀን ይጠበቅ ከተባለ በሳምንት 168 ሰዓት መሸፈን አለበት። ለ48 ሲካፈል ሦስት ሰው ተኩል ይመጣል። የዓመት ፈቃድና ሕመም ሲጨመርበት ለአንድ በር ከአራት ሰው በታች አይበቃም። ይህን ስሌት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለማኔጅመንቱ አቅርቡ። ሁለት ሰው አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት እየተቀያየረ የሚጠብቀው በር ካለ፣ ጠባቂው ተኝቶ ተገኘ ብላችሁ ከመቅጣታችሁ በፊት የፈረቃ ሰሌዳውን እዩት።

ወሎ ላይ ሰሌዳ ስታወጡ አንድ ትልቅ እገዛ አላችሁ። ለገናና ለጥምቀት ሙስሊሞቹ ይገባሉ፤ ለኢድና ለአረፋ ክርስቲያኖቹ። በረመዳን የመግሪብ አዛን ሲሰማ ክርስቲያኑ በሩን ይይዝለታል፤ ጓደኛው ያፈጥራል። የፋሲካ ሌሊት ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ይህን ልጆቹ ራሳቸው ተስማምተው ያደርጉታል፤ ማንም አላስተማራቸውም። የእናንተ ድርሻ ቅያሪውን በዓሉ ሳይደርስ በሰሌዳው ላይ ማስፈር ነው። በቃል ብቻ ከቀረ ችግር ሲፈጠር ተጠያቂው የቱ እንደሆነ አይታወቅም፤ የበዓል ክፍያውም ለሠራው ሰው ሳይደርስ ይቀራል።

3. ርክክቡን አስተካክሉ

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። ጥበቃ የሚላላው ብዙ ጊዜ ፈረቃ ሲቀየር ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ቁሙና ተመልከቱ። ያደረው ጋቢውን አጣጥፎ ታክሲ እንዳያመልጠው ይጣደፋል። የመጣው እጁን እያሟሟቀ ይፈርማል። መዝገቡን ስትገልጡት ከላይ እስከ ታች «ሰላም ነው»፣ «ምንም ችግር የለም» የሚል ነው። ከወር በኋላ መጋዘን ውስጥ አንድ ሞተር ጠፋ ሲባል ይህ መዝገብ ማንንም አይረዳም። የሦስቱም ፈረቃ ሰዎች አብረው ይጠረጠራሉ፤ የልጆች አባት የሆነ ንጹሕ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሲመላለስ ይከርማል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በደንብ የተጻፈ መዝገብ ከንብረቱ በፊት የሚጠብቀው ጠባቂውን ነው።

ስለዚህ «ሰላም ነው» ብሎ መፈረም ይቅር። ገቢውም ወጪውም ሩብ ሰዓት ቀድመው አብረው ይዙሩ። የቁልፍ ብዛት፣ የመጋዘን በር እሽግ፣ ያደሩ መኪናዎች፣ መሣሪያ ካለ ቁጥሩና የጥይቱ ብዛት ተቆጥሮ ይጻፍ። የተበላሸ መብራትም እንደዚያው። ጥሩ አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦

«የመጋዘን 2 ቁልፍ አልተመለሰም፤ የያዘው የጥገና ክፍል ነው። ሌሊት 7፡40 በጀርባ አጥር በኩል ውሻ ጮኸ። ወጥቼ አየሁ፤ የሰው ዱካ የለም። የምሥራቁ መብራት ጠፍቷል።»

ሰዓት ሲጻፍ ቀን ወይም ሌሊት የሚለው ይጨመር። እናንተም መዝገቡን በየቀኑ አንብባችሁ ፈርሙ፤ መብራቱንም አሠሩ። የጻፈው ነገር ምላሽ ካላገኘ ጠባቂው ከሳምንት በኋላ ወደ «ሰላም ነው» ይመለሳል።

4. በሩ ላይ አንድ ደንብ ይኑር

ንብረት ያለ መውጫ ፈቃድ አይወጣም። በመንግሥት ተቋም ከሆነ ከንብረት ክፍል ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) መቆረጡ ይታያል። ደንቡ ለሥራ አስኪያጁም መኪና ይሠራል፤ መጀመሪያ የሚፈተሸውም የእናንተ መኪና ይሁን። ሴቶችን ሴት ትፈትሽ። የሴት ጠባቂ ከሌላችሁ ቅጥር ጠይቁ። ሆስፒታል ከሆነ ምጥ የያዛት እናት በር ላይ አትቆምም፤ ትግባ፣ ፍተሻው ለአስታማሚው ይደርሳል። «እማማ፣ ይቅርታ፣ ልፈትሽዎት ነው» ማለት ጊዜ አይወስድም።

5. የተያዘ ሰው

ተጠርጣሪ ሲያዝ ወዲያው ለፖሊስ ይደወል። መደብደብና ጥበቃ ቤት ውስጥ ቆልፎ ማሳደር ወንጀል መሆኑን ለሁሉም በግልጽ ንገሩ። የጦር መሣሪያን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይጠይቃል። ጠባቂ የግሉን መሣሪያ ይዞ ሥራ አይገባም።

6. ለክፉ ቀን

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲና ፋብሪካ ተዘርፏል። እዚህ ለኖረ ሰው ይህን መንገር አያስፈልግም። ዳይሬክተር ግን በጽሑፍ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ጠባቂው ቦታውን ለቆ እንዲወጣ የሚያዘው ማን ነው? ስልክ ከተቋረጠስ? ሰው ለመጋዘን ብሎ እንዳይሞት መልሱ ዛሬ፣ በሰላሙ ጊዜ፣ ተጽፎ እያንዳንዱ ጠባቂ ጋ ይድረስ። የንብረት መዝገቡና የሠራተኛ ፋይሉ ቅጂ ከከተማው ውጭ ይቀመጥ። የስልክ ዝርዝሩን አልፎ አልፎ እየደወላችሁ ሞክሩ። የፖሊስ ጣቢያው ኃላፊ በተቀየረ ቁጥርም ሄዳችሁ ተዋወቁ፤ የፈረቃ አስተባባሪዎቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሌሊት የሚደውሉት እነሱ ናቸው።