የአያትን የጉዞ ፎቶ እዚያው ቦታ ላይ እንዴት መልሰን እናነሳለን?

አያቶቻችን በጉዞ ላይ የተነሱትን ፎቶ ይዞ ሄዶ እዚያው ቦታ ላይ መልሶ ማንሳት ቀላል ይመስላል። ቦታው ይታወቃል፣ ካሜራውም በኪስ ውስጥ ነው። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ግን አልገጥምም ይላሉ። ሕንጻው አለ፣ ሐውልቱም አለ፣ ግን ሌላ ቦታ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው። ሰው የሚፈልገው አያቱ የቆሙበትን ቦታ ነው። መፈለግ ያለበት ግን ፎቶውን ያነሳቸው ሰው የቆመበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ ፎቶውን መርምሩ

ጀርባውን እዩ። ጽሑፍ፣ ማኅተም ወይም ቀን ሊኖረው ይችላል። የኮዳክሮም ስላይድ (ክፈፍ ውስጥ የገባ ባለ ቀለም ፊልም) ከሆነ ክፈፉ ላይ የታተመው ወርና ዓመት ፊልሙ የታጠበበት እንጂ ፎቶው የተነሳበት አይደለም፤ በመሃል ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ኔጌቲቩ፣ ማለትም ፎቶው የታተመበት ፊልም፣ ከተገኘማ ትልቅ ሀብት ነው። ጠርዙ ላይ ያሉት ቁጥሮች አያታችሁ በየት በኩል አድርገው ወዴት እንደሄዱ በቅደም ተከተል ይነግሯችኋል። ቦታው ያልታወቀው ፎቶ በሁለት የታወቁ ፎቶዎች መሃል ካለ፣ ፍለጋው ወደ ጥቂት መንገዶች ይጠባል።

ስላይድና ኔጌቲቭ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ሊታተም እንደሚችልም አትርሱ። በፎቶው ላይ ጽሑፍ ከሌለ ልብሱን እዩ። የወንድ ኮት የደረት ኪስ በለባሹ ግራ በኩል ነው። በቀኙ ከታየ ፎቶው ተገልብጧል፤ ይህን ሳያዩ መሄድ ቀኑን ሙሉ በተሳሳተ ጎን መቆም ነው።

ከዚያ ስካን አድርጉ። ለታተመ ፎቶ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚቆጠር ነጥብ) ይበቃል፣ ለኔጌቲቭ ግን ከ2400 በታች አትውረዱ። የሚያጣብቅ ገጽ ካለው አልበም ላይ ፎቶ በጥፍር አትላጡ። የጥርስ ማጽጃ ክር ከሥሩ አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ አላቅቁት። ኦሪጅናሉ ከቤት አይውጣ። አንድ ጓደኛዬ ይዞት ሄዶ ድልድይ ላይ ነፋስ ነጠቀው፤ ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

ቦታው አሁንም እዚያው አለ?

በፎቶ የሚፈልገው ጎግል ሌንስና መንገዶችን በፎቶ የሚያሳየው ስትሪት ቪው አብዛኛውን ሥራ ያቀላሉ። ዕድለኛ ሆናችሁ አያታችሁ በሕይወት ካሉ ግን ከሁሉም በፊት እሳቸውን ጠይቁ። ፎቶውን በትልቁ አሳትማችሁ እጃቸው ላይ አስቀምጡና ዝም ብላችሁ አዳምጡ። «ከኋላዬ ባቡር ጣቢያ ነበር» የምትል አንዲት ቃል ከማንኛውም አፕ ትበልጣለች።

አንዳንድ ቦታ ግን እንደ ድሮው መቆም አይቻልም። ግብጽ ውስጥ ያሉት የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደሶች ከ1964 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ተቆርጠው ወደ 65 ሜትር ያህል ከፍ ብለው እንደገና ተገጥመዋል። ከዚያ በፊት የተነሳ ፎቶ ካላችሁ የመጀመሪያው ቦታ ዛሬ ናስር ሐይቅ ውስጥ ነው። ቦስኒያ ውስጥ ያለው የሞስታር ድልድይ በ1993 እ.ኤ.አ. ፈርሶ በ2004 እ.ኤ.አ. ዳግም ተሠርቷል። እንግሊዝ ውስጥ ባለው ጥንታዊ የድንጋይ ክበብ፣ ስቶንሄንጅ፣ ድንጋዮቹ መሃል ገብቶ መነሳት ድሮ ተራ ነገር ነበር። አሁን በመደበኛው ሰዓት ከገመዱ ውጪ ነው የሚቆመው፤ ወደ ውስጥ መግባት ልዩ ቀጠሮ ይጠይቃል። እንዲህ ሲሆን ቅርብ ከሆነው ቦታ አንሱና ምክንያቱን ጻፉ። ልዩነቱ ራሱ ታሪክ ነው።

ካሜራው የነበረበትን ነጥብ ማግኘት

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉት።

በፎቶው ላይ አንድ የቅርብና አንድ የሩቅ ነገር ምረጡ። የማይነቃነቁ ይሁኑ፤ ዛፍና መኪና አይሆኑም። የኔ አያት ቫቲካን ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ላይ የተነሱት ፎቶ አለ። መሃል ላይ ከግብጽ የመጣው ረጅሙ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል፣ ከበስተኋላው ደግሞ የባዚሊካው ጉልላት አለ። ሐውልቱ የጉልላቱን ግራ ጎን ትንሽ ቆርጦ ይታያል። እሷ ትንሽ ቁራጭ ናት ያነሳቸውን ሰው ቦታ የምትናገረው።

ሕጉ እንዲህ ነው፦ ከድሮው ፎቶ ጋር ሲተያይ የቅርቡ ነገር ወደሸሸበት እናንተም ሂዱ። በስልካችሁ ስታዩ ሐውልቱ ከጉልላቱ ወደ ግራ ርቆ ከሄደ ወደ ግራ ተራመዱ። ወደ ቀኝ ካለፈ ወደ ቀኝ። የቅርቡ ነገር ከሩቁ አንጻር ዝቅ ካለም ካሜራውን ዝቅ አድርጉ። አንድ ጥንድ ሲገጥም አንድ መስመር ላይ ናችሁ ማለት ነው። በሌላ የፎቶው ጎን ሁለተኛ ጥንድ ፈልጉና መስመሩን ሳትለቁ ወደፊትና ወደኋላ ሂዱ። ሁለቱም አብረው የገጠሙበት ቦታ ላይ ካሜራው ነበር።

ለርቀቱ መጠን ማወዳደርም ይረዳል። ወደፊት ስትጠጉ የቅርቡ ነገር ከሩቁ ይልቅ ቶሎ ይተልቃል። በቅዱስ ጴጥሮስ ደግሞ ሌላ ምልክት አለ። ወደ ባዚሊካው በቀረባችሁ ቁጥር ጉልላቱ ከፊት ለፊቱ ግንብ ጀርባ እየጠለቀ ይሄዳል። በአያቴ ፎቶ ላይ ጉልላቱ ምን ያህል ብቅ እንዳለ በማስመሪያ ለክታችሁ ከግንቡ ቁመት ጋር ብታነጻጽሩት፣ ስንት እርምጃ ወደኋላ መሄድ እንዳለባችሁ እዚያው ታገኙታላችሁ። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ማርክ ክሌትና ባልደረቦቹ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካን ምዕራብ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፎቶዎች መልሰው ሲያነሱ የተጠቀሙበት መንገድም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ፎቶውን ወዲያው በሚያወጣው ፖላሮይድ እዚያው እያነሱ ከድሮው ጋር በልኬት ያስተያዩ ነበር።

አሁን ቁመቱ። የድሮ ካሜራዎች ብዙዎቹ ከላይ ወደ ታች እየታዩ ወገብ ወይም ደረት ላይ ተይዘው ነበር የሚያነሱት። የሳጥን ካሜራው እንዲያ ነው፣ ባለ ሁለት ሌንሱ ሮሊፍሌክስም እንዲያ ነው። እኛ ደግሞ ስልካችንን ፊታችን ላይ ከፍ አድርገን እንይዛለን። ሁሉም ነገር ገጥሞ መሬቱ ብቻ «ሰፋ» ካለባችሁ ችግሩ ይሄ ነው። ማረጋገጫው በፎቶው ላይ ያሉት መንገደኞች ናቸው። ሜዳ ላይ የቆሙ የቅርብም የሩቅም ሰዎች ወገባቸው በአንድ አግድም መስመር ላይ ከዋለ ካሜራው ወገብ ላይ ነበር። ጭንቅላታቸው በአንድ መስመር ከዋለ ዓይን ላይ ነበር።

ዙም የመጨረሻው ነገር ነው። የነገሮችን አሰላለፍ የሚወስነው የቆማችሁበት ቦታ እንጂ ሌንሱ አይደለም። የስልክ ዋና ሌንስ ከድሮዎቹ የቤተሰብ ካሜራዎች ሰፋ አድርጎ ነው የሚያየው። «ራቀብኝ» ብላችሁ ወደፊት ከተራመዳችሁ የደከማችሁበት ሁሉ ፈረሰ። ባላችሁበት ቆማችሁ ወደ 2 እጥፍ ዙም አድርጉ፣ ዳር ዳሩን ትርፍ ተዉና ቤት ስትገቡ ቁረጡት።

የድሮውን ፎቶ ከበስተኋላው እንዲያሳይ አድርጎ ስክሪን ላይ የሚደርብ አፕ አለ። ጥሩ ነው፣ ግን ጠራራ ፀሐይ ላይ ምንም አይታይም። እኔ በኤ4 ያሳተምኩትን ቅጂ እመርጣለሁ፤ ጥንዶቹን በቀይ እስክሪብቶ ከብቤ እይዘዋለሁ። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) በብዙ ታዋቂ ቦታዎች አይፈቀድም፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰዓቱና ወሩ

ጥላውን እዩ። ሰንካልክ በተባለው የፀሐይን አቅጣጫ በሚያሰላ ድረ ገጽ ላይ ቦታውን አስገብታችሁ ጥላው በዚያ አቅጣጫ የሚወድቅበትን ሰዓት ፈልጉ። ፀሐይ በአንድ መንገድ በዓመት ሁለቴ ታልፋለች። ፎቶው ኤፕሪል 20 አካባቢ የተነሳ ከሆነና ያኔ መሄድ ካልቻላችሁ፣ ኦገስት 22 አካባቢ ጥላው ያው ነው። ቅጠሉ ግን ያው ላይሆን ይችላል።

የሚቆመው ሰው

በአያታችሁ ቦታ የሚቆመውን ሰው ከእግሩ ጀምሩ። ክብደቱ በየትኛው እግር ላይ ነው? ጫማው ወዴት ዞሯል? እግር ሲስተካከል ትከሻው ብዙ ጊዜ ራሱ ይከተላል። ተመሳሳይ ልብስ ግዴታ አይደለም። ፈገግታውን ግን አታስገድዱ፤ አያታችሁ ኮስተር ብለው ከሆነ ኮስተር ይበል።

ቤት ስትመለሱ

ሁለቱን ፎቶዎች በጂምፕ ወይም በሌላ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ደርቧቸው፣ በሩቅ ባሉ ሁለት ነጥቦች አስተካክሉና እኩል ቁረጡ። አዲሱን ጎትቶና አጣሞ ማስገጠም አይገባም፣ ቡናማ ፊልተርም አትጨምሩበት፤ የዛሬው የዛሬን ይምሰል። ከዚያ አሳትሙና በእርሳስ ጀርባው ላይ ጻፉ፦ ማን እንደቆመ፣ ማን እንዳነሳ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ካሜራው ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዳለና የቆማችሁበትን ነጥብ የጂፒኤስ ቁጥር።