ደሞዝ አልበቃ ሲል ከጉቦ ለመራቅ፦ አዲስ ለተቀጠራችሁ የመንግሥት ሠራተኞች

ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ገና መቀጠራችሁ ከሆነ ይሄ ለእናንተ ነው። ጉቦ የሚበላ ሁሉ ከጥንቱም ሌባ ነበር ብላችሁ አታስቡ። አብዛኛው ሥራ ሲጀምር እንዲህ የመሆን ሐሳብ አልነበረውም። የቤት ኪራይ፣ የዘመድ ዓይንና የቢሮ ልማድ ናቸው ቀስ በቀስ የሚያጣምሙት። ጥንቃቄውም ከእነዚህ ይጀምራል።

መጀመሪያ እጃችሁ የሚገባውን ብር እወቁ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ መነሻ ደሞዝ 11,500 ብር ነው። ግብር 2,100፣ ጡረታ ደግሞ 7 በመቶ ማለትም 805 ብር ሲቆረጥ 8,595 ይቀራል። ይህን ለቤተሰብ በግልጽ ንገሩ። እናት «ልጄ የመንግሥት ሥራ ያዘ» ብላ ጎረቤት ፊት ስትኮራ፣ አጎት ለሠርግ መዋጮ ስማችሁን ከላይ ሲጽፍ ክፉ አስበው አይደለም፤ ግን ደሞዙን ካላወቁ የሚጠብቁባችሁ የማትችሉትን ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲባልም ስቃችሁ አትለፉ። እዚያው መልስ ስጡ።

ከሁሉም የምፈራላችሁ ብድርን ነው። ጉዳይ ገዳዩ በመጀመሪያው ቀን ብር አያወጣም። ስማችሁን ያጠናል፣ ቡና ይጋብዛል፣ ወር መጨረሻ ላይ ኪራይ እንደጎደላችሁ ሲሰማ «ችግር የለም፣ ሲመችህ ትመልሳለህ» ብሎ በቴሌብር ሦስት ሺህ ይልካል። ከዚያ ፋይል ይዞ ይመጣል። ብሩን አይጠይቅም፤ ፋይሏ ከወረፋው ቀድማ እንድታልፍለት ብቻ ነው የሚፈልገው። ያኔ በምን አፋችሁ እምቢ ትላላችሁ? ስለዚህ ከባለጉዳይ አምስት ሳንቲም አትበደሩ። መሥሪያ ቤታችሁ የቁጠባና ብድር ማኅበር ካለው ሳይቸግራችሁ ተመዝገቡ። እቁብም በአቅማችሁ ግቡ።

ባለጉዳይ ሲመጣ የጎደለውን ሰነድ ሁሉ በአንዴ፣ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። «ነገ ተመለስ» ሲበዛ ነው ሰው እጁን ወደ ኪሱ የሚሰደው። የዘመድ ፋይል ከሆነ ለሌላ ባለሙያ እንዲሰጥ ጠይቁ።

ከባዱ ባልደረቦች ከተቀበሉት ጉቦ የሚያካፍሏችሁ ድርሻ ነው። «ይቺ ያንተ ናት» ተብሎ ፖስታ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ለዛሬ ብቻ ብላችሁ እንዳትቀበሉ፤ አንዴ ከወሰዳችሁ ነገ አፍ አይኖራችሁም፣ እነሱም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። «እኔ አልወስድም» በሉና መልሱ። ስብከት አትጨምሩበት። አለቃ ያለ አግባብ አስተናግዱ ካለ ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ኮፒውንም ያዙ። ለሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሉ፣ እሱም ከተነካካ ለፀረ ሙስና ኮሚሽን አመልክቱ። የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ ከማመልከታችሁ በፊት አንብቡት። ሕጉ ቢኖርም ወደ መዝገብ ቤት ልትገፉ፣ አበል ልትከለከሉ ትችላላችሁ። ይህን ከባላችሁ ወይም ከሚስታችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ ከተቻለም የሁለት ወር ኪራይ አስቀምጡ።