ሞልቶ ያደረ ሮቶ ጠዋት ባዶ ሲገኝ፦ የቤት ውስጥ ውሃ መስመር ችግርና መፍትሄ

በአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች በብዛት የምጠራበት ብልሽት አንድ ነው፤ ማታ ሞልቶ የታየው ሮቶ ጠዋት ባዶ ሆኖ ይገኛል፣ ወለሉ ግን ደረቅ ነው፣ ግድግዳውም አልረጠበም፣ ከቤተሰቡም ሌሊት ውሃ የተጠቀመ ሰው የለም። ባለቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ሰው እንደቀዳባቸው ወይም ሮቶው እንደተሰነጠቀ ገምተው ይጠብቁኛል፤ ሁለቱም ግምቶች እምብዛም ትክክል ሆነው አይገኙም። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለዚህ ችግርና ከእርሱ ጋር ስለሚዛመዱት ነው። ሳራቺኔስካ (የውሃ መስመር መዝጊያ) መዝጋት፣ ቴፍሎን መጠቅለልና የቧንቧ ጎሚኒ መቀየር አንባቢው የሚያውቃቸው ስለሆኑ አላብራራቸውም።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ውሃ በማይቋረጥበት ከተማ የቤት መስመር ሁልጊዜ ሙሉና ግፊት ያለው ስለሆነ ውሃው የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። በእኛ ከተማ ያው መስመር ዛሬ ሙሉ ነው፣ ነገ ባዶ ነው፤ ባዶ በሆነ ጊዜ ደግሞ ከላይ ያለውን ውሃ ወደ ታች ይስባል። ከተማችን ከእንጦጦ ግርጌ ወደ አቃቂ የምትወርድ ተዳፋት ናት፤ በየ10 ሜትሩ የከፍታ ልዩነትም 1 ባር ያህል ግፊት ይፈጠራል። ስለዚህ ከመሬት 6 ሜትር ከፍ ብሎ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ፣ የመንገዱ መስመር ባዶ በሆነበት ሰዓት 0.6 ባር በሚያህል ግፊት ውሃውን ወደ መንገድ ሊመልሰው ይችላል። ይህንን የሚከለክለው ቼክ ቫልቭ የሚባለው፣ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ምላስ ያለው ትንሽ ዕቃ ነው። ቤቱን የሠራው ሰው ይህን ዕቃ ካላስገባ ወይም ርካሹን ካስገባ፣ የቀረው ሥራ የቱንም ያህል ቢያምር ቤቱ ውሃ አይዝም።

ችግር፦ ሮቶው ሞልቶ ያድራል፣ ጠዋት ባዶ ነው

ምክንያቱን ለመለየት ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ከሮቶው ወደ ቤት የሚወርደውን ሳራቺኔስካ ይዝጉና የውሃውን ልክ በንጹሕ ዘንግ ለክተው ይመዝግቡ። ጠዋት ልኩ ካልተለወጠ ውሃው የሚጠፋው በመውጫው በኩል ነው፤ ወይ ቤት ውስጥ ይፈስሳል፣ ወይ ቤቱ ከመንገድ መስመርም የሚጠቀም ከሆነ በዚያው ወደ መንገድ ይመለሳል። መውጫው ተዘግቶም ከቀነሰ፣ ወይ በመሙያው መስመር ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ወይ ሮቶው ራሱ ያፈስሳል። በአንድ ቧንቧ ብቻ በሚሞላና በዚያው በሚወጣ ሮቶ ላይ ግን ይህ ሙከራ ምንም አይለይም፤ ያንን ቧንቧ መዝጋት ሁለቱንም መንገድ ስለሚዘጋ፣ ዝቅ ብዬ ወደምገልጸው የግቢ ቧንቧ ሙከራ መሄድ ያስፈልጋል።

ውሃው በመውጫው በኩል የሚጠፋ ከሆነ ሌላ ቦታ ከመቆፈር በፊት ሽንት ቤቱ ይታይ። የፍላሹ ማጠራቀሚያ ግርጌ ያለው ጎሚኒ ሲደርቅ ወይም መቀመጫው ላይ ነጭ ጨው ሲጋገር፣ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ በሳህኑ ግድግዳ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ጅረቱ ቀጭን ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ ነገር ግን በደቂቃ ግማሽ ሊትር የሚያፈስስ ፍላሽ በሰዓት 30 ሊትር፣ በ10 ሰዓት ደግሞ 300 ሊትር ይወስዳል፤ ይህም ከባለ 500 ሊትር ሮቶ ከግማሽ በላይ ነው። ለማረጋገጥ የቀይ ሥር ውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ይጨምሩና ለግማሽ ሰዓት ማንም ሳይጠቀምበት ይተውት፤ በሳህኑ ውስጥ ቀይ ከታየ ጎሚኒው አይዘጋም ማለት ነው። መቀመጫውን በአቼቶ አጥበው ጎሚኒውን ይቀይሩ። ከቀየሩ በኋላም ካልቆመ የውሃውን ልክ ይመልከቱ፤ ውሃው ከመፍሰሻው ቱቦ አፍ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆም ሲገባው ፍሎተሩ (ውሃው ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ) ከፍ ተደርጎ ከታሰረ፣ ትርፉ ሌሊቱን ሙሉ በቱቦው ውስጥ ይወርዳል። ለማጽዳት ተብሎ በረኪና ማጠራቀሚያው ውስጥ አይጨመር፤ አዲሱን ጎሚኒ በአጭር ጊዜ ይበላዋል። ባለቤቶቹ ውጭ አገር ሆነው በተዘጋ አንድ የኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ፣ ሰው በሌለበት ፍላሽ ብቻ ሮቶው በየፈረቃው ሞልቶ በየፈረቃው ሲባክን አይቻለሁ፤ ቤቱን ዘግቶ የሚሄድ ሰው የሮቶውን መውጫ ሳራቺኔስካ ዘግቶ መሄድ አለበት።

ሽንት ቤቱ ደህና ሆኖ ውሃው አሁንም የሚጠፋ ከሆነ ቼክ ቫልቩን ይጠርጥሩ። የከተማው ውሃ በጠፋበት ሰዓት ከቆጣሪው አጠገብ፣ ከቼክ ቫልቩ በፊት ያለውን የግቢ ቧንቧ ይክፈቱ። ጥቂት ፈስሶ ከቆመ በመስመሩ የቀረ ውሃ ነው፤ ሳያቋርጥ ለብዙ ደቂቃ ከፈሰሰ ግን ከሮቶዎ የሚመጣ ውሃ ነው። የሮቶውን ሳራቺኔስካ ሲዘጉት ፈሳሹ የሚቆም ከሆነ ጥርጣሬው ተረጋግጧል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቆጣሪው ወደ ኋላ ሲዞር የሚታይበት ጊዜም አለ፤ ቆጣሪውንና ማኅተሙን ግን አይንኩ፣ እሱን መንካት የሚችለው የውሃና ፍሳሽ ሠራተኛ ብቻ ነው።

ለዚህ ችግር ሰዎች የሚያወጡት ገንዘብ ያሳዝነኛል። ዳገት ላይ በተሠራ አንድ ባለ ፎቅ ቤት ባለቤቱ ውሃው የሚያልቀው ሮቶው ስላነሰ ነው ብለው ባለ 1,000 ሊትሩን አንሥተው ባለ 2,000 ሊትር አስቀመጡ፣ ለእሱም የብረት መቆሚያውን አፍርሰው አዲስ አስበየዱ። ሁለቱም ሺህ ሊትር እንደ ቀድሞው ጠፋ። ከእርሳቸው ዝቅ ብለው የሚኖሩ ጎረቤቶች ደግሞ ፈረቃቸው ባልሆነ ቀን በግቢ ቧንቧቸው ውሃ እንደሚያገኙ ይናገሩ ነበር። ቼክ ቫልቩን ፈትቼ ሳየው፣ ቱቦ ሲቆረጥ የቀረ የፕላስቲክ ፍቅፋቂ በምላሱና በመቀመጫው መካከል ተሰክቶ ምላሱን ክፍት አድርጎ ይዞታል። ያንን ፍቅፋቂ ማውጣት ብቻ በቂ ነበር፤ ቱቦውን የቆረጠው ሠራተኛ ከመግጠሙ በፊት መስመሩን በውሃ ቢያጥበው ኖሮ ከዚህ ሁሉ ወጪ ምንም አያስፈልግም ነበር።

ቼክ ቫልቭ ሲገዙ ክብደቱን በእጅዎ ይመዝኑ። በገበያ ላይ ቢጫ የተቀባ ወይም ኒኬል የለበሰ፣ ውስጡ ግን ዚንክ የሆነ ዕቃ ሞልቷል። ሻጩ ከፈቀደ ጠርዙን በቢላ ጫር ያድርጉት፤ ቢጫ ከወጣ ናስ ነው፣ ነጣ ያለ ግራጫ ከወጣ ግን ይመልሱት። የዚንኩ ቫልቭ በጥርሱ በኩል ይሰነጠቃል፣ ምላሱም ይላላል፤ ሲሰበር ደግሞ ጥርሱ ቱቦው ውስጥ ስለሚቀር ለዕቃው ያልተከፈለው ገንዘብ በእጥፍ ለሥራው ይከፈላል። ይህን ዕቃ አውቀው የሚያስመጡና አውቀው የሚገጥሙ ሰዎች በሕዝብ ውሃ ላይ ከባድ በደል እየፈጸሙ ነው።

ሲገጠም በአካሉ ላይ ያለው ቀስት ውሃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ያመልክት። ምላሱ የሚወዛወዝ ዓይነት ከሆነ በአግድም መስመር ላይ ወይም ውሃው ወደ ላይ በሚወጣበት ቱቦ ላይ ይግባ፤ ውሃ ወደ ታች በሚወርድበት ቁም ቱቦ ላይ ከተገጠመ ምላሱ በክብደቱ ተንጠልጥሎ ክፍት ይቀራል። ስፕሪንግ ያለው ዓይነት በየትኛውም አቅጣጫ ይሠራል። ቦታው ከቆጣሪው በኋላ፣ መስመሩ ወደ ቤትና ወደ ሮቶ ከመከፈሉ በፊት ነው። በፊቱ የአሸዋ ማጣሪያ፣ በግራና በቀኙ ዩኒየን (ቱቦ ሳይቆረጥ የሚፈታ ማያያዣ) ይኑር፤ ዩኒየን ከሌለው በሚቀጥለው ጊዜ ለማጽዳት ቱቦ መቁረጥ የግድ ይሆናል። ግድግዳ ውስጥ ቀብሮ በሴራሚክ መሸፈን ፈጽሞ አይገባም።

የቼክ ቫልቭ አለመኖር የሚያስከትለው የውሃ ብክነትን ብቻ አይደለም። ቦይለር ያለበት ቤት ውስጥ መስመሩ ባዶ ሲሆን የቦይለሩም ውሃ ወደ ኋላ ተስቦ ሊወጣ ይችላል፤ የማሞቂያው ብረት ውሃ ሳይነካው ሲግል ይቃጠላል። ቦይለሩ መግቢያ ላይ ያለውን ሴፍቲ ቫልቭ ያንጠባጥባል ብለው አውጥተው ቱቦውን በቀጥታ የሚያገናኙ ሠራተኞች አሉ። ያ ቫልቭ ውሃው እንዳይመለስ ከመከልከሉም ሌላ ግፊት ሲበዛ ያስተነፍሳል፤ ሲሞቅ ጥቂት ማንጠባጠቡም ሥራው ነው። እሱን ያወጣ ሰው በቤቱ ውስጥ ሊፈነዳ የሚችል ዕቃ አስቀምጧል። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስም የሙቅ ውሃው ቧንቧ ያለ ትፍታ እኩል እስኪፈስስ ድረስ ቦይለሩን አያብሩ፤ ክዳኑን ከመክፈት በፊት ደግሞ ከቆጣሪ ቤቱ መብራቱ ይጥፋ።

ሌላው የጤና ጉዳይ ነው። ልብስ በተዘፈዘፈበት ሳፋ ወይም በመኪና ማጠቢያ ባልዲ ውስጥ ጫፉ የተነከረ ላስቲክ ቧንቧው ላይ እንደተገጠመ ከቀረ፣ መስመሩ ወደ ኋላ በሚስብበት ሰዓት ያንን ቆሻሻ ውሃ ወደ ቧንቧ ያስገባዋል። ላስቲኩን ይንቀሉ። ሕፃናት ባሉበት ቤት በተለይ ይንቀሉ።

ችግር፦ ፍሎተሩ አዲስ ነው፣ ሮቶው ግን ሞልቶ ይፈስሳል

ፍሎተሩን ደጋግሞ መቀየር የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ቤቱ ከመንገድ መስመርም ከሮቶም የሚጠቀም ከሆነ፣ ከሮቶው መውጫ ላይ ሁለተኛ ቼክ ቫልቭ ሊኖር ይገባል። እሱ ሲበላሽ የከተማው ግፊት በመውጫው በኩል ከታች ወደ ላይ ሮቶውን ይሞላዋል፤ ፍሎተሩ ከላይ ቢዘጋም የሚከለክለው ነገር የለም። ውሃ በመጣበት ሰዓት ክዳኑን ከፍተው ይመልከቱ፤ ከፍሎተሩ አፍ ምንም ሳይወርድ ውሃው ከፍ እያለ ከሄደ መውጫው ላይ ያለውን ቼክ ቫልቭ ይቀይሩ።

ችግር፦ ሌሊት ውሃ መጥቶ ቤቱን አጥለቀለቀው

ምክንያቱ ውሃ በሌለበት ሰዓት ተከፍቶ የተረሳ ቧንቧ ነው። ሰው ይከፍታል፣ ጠብ አይልም፣ ሳይዘጋው ይሄዳል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ውሃው ሲመጣ የእቃ ማጠቢያው መውረጃ በስፖንጅ ወይም በሳህን ተደፍኖ ስለሚገኝ ውሃው ወለል ለወለል ይሄዳል። በኮንዶሚኒየም ጉዳቱ የሚደርሰው ከታች ባሉት ላይ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ የተረሳ አንድ ቧንቧ የሦስተኛውንና የሁለተኛውን ጣሪያ ሲያበላሽ፣ በመብራት መስመር ውስጥ ገብቶም ቆጣሪ ሲያቃጥል አይቻለሁ። ውሃ የለም ብለው ያረጋገጡበትን ቧንቧ በዚያው እጅ ይዝጉት። ውሃው ገብቶ ከተገኘ እግርዎን ከማስገባትዎ በፊት መብራቱን ያጥፉ።

ችግር፦ ሮቶው ሙሉ ነው፣ ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ግን ቀጭን ነው

አንድ ቧንቧ ብቻ ከደከመ ጫፉ ላይ ያለውን ወንፊት ፈትተው አቼቶ ውስጥ ያሳድሩት። ሁሉም ከደከሙ ማጣሪያውን ይጠቡ፤ ካልተሻለው የሮቶው ሳራቺኔስካ ምላስ ከዘንጉ ተላቅቆ ወርዶ ሊሆን ይችላል፣ እጀታው ይዞራል እንጂ በሩ አይከፈትም። ውሃ ከቀናት በኋላ ሲመለስ የመጀመሪያው ቡናማ ውሃ በግቢ ቧንቧ ይውጣ፤ በልብስ ማጠቢያ ማሽንና በቦይለር በኩል በፍጹም አይለፍ።

ፓምፕ ያለው ሰው ሮቶው ሲጎድል የሚያጠፋው ፍሎት ስዊች ይግጠምለት፤ ያለ ውሃ የሚሠራ ፓምፕ ማኅተሙን አቅልጦ ይነክሳል። ሮቶ ራሱ ሲሰነጠቅ እምብዛም አይታይም፤ ሲከሰትም ምክንያቱ በአብዛኛው ያልተስተካከለ መቆሚያ ነው።

ችግር፦ ከመታጠቢያ ቤት ሽታ ይመጣል

ብዙም ያልተጠቀሙበት የወለል መውረጃ ሲፎኑ (ውሃ ይዞ ሽታውን የሚከለክለው ጎባጣ ክፍል) ደርቋል። ውሃ ይጨምሩበት፣ በላዩም አንድ ማንኪያ ዘይት ያድርጉ፤ ዘይቱ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል። ሲፎን ጨርሶ ያልተገጠመለት ከሆነ ወለሉን ከፍቶ ማስገባት እንጂ ሌላ መፍትሄ የለውም።

ችግር፦ የወጥ ቤት መውረጃ ይደፈናል

የሊጥ እጣቢ፣ የቡና አተላና የወጥ ቅባት አንድ ላይ ሲገናኙ ቱቦው ውስጥ ይጠነክራሉ። አተላው ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሂድ፣ ቅባቱ በወረቀት ተጠርጎ ይጣል። ከተደፈነ ሲፎኑን በእጅ ፈትተው ያጽዱ፣ ካልሆነም የቱቦ መጥረጊያ ሽቦ ያስገቡ። አሲድ የሚያፈስስ ሰው ቱቦውን ያዳክማል፣ ቀጥሎ ሲፎኑን የሚፈታውንም ሰው ዓይን ያጠፋል። አሲድና በረኪና አይቀላቀሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይገድላል። መውረጃዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ከመለሱ ብዙውን ጊዜ ሞልቶ የቀረው የፍሳሽ ጉድጓዱ ነው፤ የመምጠጫ መኪና ይጠሩ፣ ለማጽዳት ተብሎ ማንም ሰው ጉድጓዱ ውስጥ አይውረድ፣ የወደቀም ሰው ካለ ሌላው ተከትሎት አይግባ።